ትልቅ ከተማን ለማየት ስለሚሄድ እንግዳ

አገርን ማየት ዕውቀትን ይጨምራል። በአንድ ሸለቆ ተወልዶ ከዚያው ሳይወጣ የሚያረጅ ሰው፥ ዓለም ሁሉ እንደ መንደሩ የሆነች ይመስለዋል፤ ወጥቶ የሌላውን ሰው አኗኗር የተመለከተ ግን ሲመለስ የራሱንም መንደር አዲስ አድርጎ ያያታል። ነገር ግን ከተማን ማየትም እንደ ንባብ ትምህርት ይፈልጋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንደሚታየው፥ ሳይዘጋጅና ሳይጠይቅ ወደ ትልቅ ከተማ የገባ ሰውም ግርግሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል። አንዳንዱም ገንዘቡን፥ አንዳንዱም መንገዱን ያጣል።

ከአገራችን ከተሞች ሁሉ ትልቋ አዲስ አበባ ናት። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በፍልውኃ አጠገብ ተቆረቆረች፤ ስሟንም ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱባት፤ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። ስለዚህ ከአራቱም ማዕዘን ሰው ወደ እርስዋ ይጎርፋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ደግ ሰው ይበዛል፤ ክፉም አይጠፋም፤ ሁለቱም ልብስ ለብሰው ሲሄዱ በመልክ አይለዩም።

በሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርት እያለማ የሚኖር አንድ ገበሬ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁ 17፥ ታናሹ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። በትምህርታቸው ስለ ተጉ፥ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አዲስ አበባን አይተው እንዲመለሱ አባታቸው ፈቀደላቸው። ከዚህም ጋር አንድ አደራ ሰጣቸው። አያታቸው ዓይናቸው ደክሞ ነበርና፥ የመረመራቸው ሐኪም የመነጽራቸውን ልክ በወረቀት ጽፎላቸው ነበር። የመነጽሩ መግዣ ከዓመቱ የሽንኩርት ሽያጭ ላይ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። አያታቸውም፥ «መርፌ የሚገባበትን ቀዳዳ እንደገና ባይ ሌላ አልሻም» ይሉ ነበር።

በመሄጃቸው ዋዜማ አባት ልጆቹን በፊቱ አስቀምጦ እንዲህ ሲል መከራቸው፤

«ይህን ገንዘብ ከሁለት ከፍዬዋለሁ፤ እኩሌታውን አንተ፥ እኩሌታውን አንተ በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ለመንገድ የሚሆነው ዝርዝር ግን በውጭ ኪስ ይሁን፤ በሰው ፊት የገንዘብ ከረጢት አይፈታምና። በዚህ ወረቀት የአክስታችሁ ስም፥ የሰፈርዋ ስምና የስልክዋ ቁጥር ተጽፎአል፤ እያንዳንዳችሁ ገልብጣችሁ ያዙ፥ በቃላችሁም አጥኑት። ላምበረት መናኸሪያ በደረሳችሁ ጊዜ አክስታችሁ እስክትመጣ ከዚያ አትነሡ። አዲስ አበባ ማታና ማለዳ ትበርዳለችና ጋቢያችሁን አትርሱ።»

ታናሹ ወዲያው ወረቀቱን ገለበጠ። ታላቁ ግን ፈገግ ብሎ፥ «አባባ፥ እኔ ሕፃን አይደለሁም። በከተማ ወረቀት ገልጦ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ባላገር ተብሎ ይሳቅበታል» አለ።

አባቱም፥ «ልጄ፥ ባላገር መባል አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳያውቁ አውቃለሁ ማለት ነው» ሲል መለሰለት። ታላቁ ግን ወረቀቱን ሳይገለብጥ ተኛ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡሱ ተነሣ። ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ቀርቶ ብርድ ሆነ። ወዲያውም አውቶቡሱ በተራራው ሆድ ውስጥ ወደ ተቆፈረ ዋሻ ገባ። ታናሹ ተደንቆ በአጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ ይህን ተራራ ማን ቀደደው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የተቆፈረ መሆኑን ነገሩት፤ ጥያቄው ደስ ስላሰኛቸውም እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ የየወንዙንና የየመንደሩን ስም እያመለከቱ አስተማሩት። ታላቁም ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን አላዋቂ እንዳይባል ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ።

ላምበረት በደረሱ ጊዜ አክስታቸው ገና አልመጣችም ነበር። ታላቁም፥ «አንተ ዕቃ ጠብቅ፤ እኔ ደጁን አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ታናሹ፥ «ጋሼ፥ አባባ አትነሡ ብሎናል» ቢለው አልሰማውም።

ከመናኸሪያው ደጅ ጥቂት እንደ ራቀ፥ ከፊቱ የሚሄድ ልብሱ ያማረ ሰው ድንገት ጎንበስ ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አነሣ። ሲፈታው የሚያበራ ቀለበት ሆነ። ሰውዬውም ዙሪያውን ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ በማድረግ፥ «ወንድሜ፥ ሁለታችን አብረን አገኘነው፤ ወርቅ ነው። ዝም በል፥ ሰው እንዳይሰማ። እኔ ለመንገድ ቸኩያለሁ፤ አንተ ያለህን ገንዘብ ስጠኝና ቀለበቱን ውሰደው። ፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ዘንድ ብትሸጠው አሥር እጥፍ ታገኝበታለህ» አለው።

የልጁ ልብ ሁለት ሆነ። «ይህ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ይፈልገዋል» የሚል አሳብ መጣበት። ዳግመኛም፥ «አባቴ የሰጠኝ ገንዘብ የአያቴ ነው» አለ በልቡ። ነገር ግን ያለ ድካም የሚገኘው ትርፍ አስጎመጀው፤ ወርቅ የማያውቅ ባላገር እንዳይባልም ፈራ። ስለዚህ ገንዘቡን አውጥቶ ሰጠ፥ ቀለበቱንም ተቀበለ። ሰውዬውም ወዲያው በሕዝቡ መካከል ተሰወረ።

ልጁ ወደ ወንድሙ በመመለስ ፈንታ፥ አትርፌ ልግባና ይደነቁ ብሎ ታክሲ ተሳፈረ። በኪሱ የቀረውን ዝርዝር እየከፈለ፥ በመገናኛ አድርጎ ፒያሳ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪም ቀለበቱን በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈትገው ተመለከቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፥ ይህ ነሐስ ነው። እንዲህ ያለውን ይዞ የመጣ አንተ የመጀመሪያ አይደለህም» አሉት።

በዚያን ጊዜ ልጁ እግሩ ከዳው። ገንዘብ የለውም፤ አክስቱ በየትኛው ሰፈር እንደምትኖር አያውቅም፤ የስልክዋን ቁጥር አላጠናም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲዞር ዋለ። በአጠገቡ ብዙ ሰው ያልፍ ነበር፤ ቢጠይቅ የሚረዳው አይጠፋም ነበር፤ እርሱ ግን አፉን ለመክፈት አፈረ። መሸ፥ በረደም፤ ጋቢውን ከወንድሙ ጋር ትቶት ነበርና ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በመንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት አሮጊት አይተውት፥ «ልጄ፥ የጠፋህ ትመስላለህ» አሉት።

«አይ እማማ፥ ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለ።

አሮጊቷ አንድ እሸት አንሥተው ሰጡትና፥ «እኔም ከገጠር የመጣሁ ጊዜ ሦስት ቀን ሰው እየጠበቅሁ ነው እያልሁ ጠፍቻለሁ» አሉት።

ልጁም ይህን በሰማ ጊዜ አለቀሰና፥ «እማማ፥ ጠፍቻለሁ፤ እባክዎ ይርዱኝ» አለ። እርሳቸውም ምጣዳቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ወሰዱት። ፖሊሱ የሚያውቀው የስልክ ቁጥር እንዳለ ሲጠይቀው የአባቱን ብቻ አስታወሰ። ከሁሉ የከበደው ነገርም ይህ ሆነ፤ ለአባቱ መንገር።

ስልኩ በተነሣ ጊዜ፥ ልጁ ሊሸሽግ ይችል ነበር። ሌባ በኃይል ነጠቀኝ ቢል ማን ያውቅበታል? ነገር ግን የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ ተናገረ። አባቱ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፥ «ገንዘብ ሠርተን እናመጣዋለን። አንተ ደኅና ነህ ወይ?» አለው። የአክስቱንም ቁጥር ነገረው።

ታናሹስ ምን ሆነ? ወንድሙ በቀረበት ጊዜ ዕቃውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያም ትኬት ወደምትሸጠው ሴት ቀርቦ፥ «እትዬ፥ እባክዎ ወደ አክስቴ እንድደውል ይርዱኝ» አለ። ቁጥሩንም በቃሉ ነገራት። አክስቱ ወዲያው መጣች፤ ሁለቱም በየመንገዱ ሲፈልጉት ዋሉ። ማታ ባገኙት ጊዜ አክስቱ አንድም ቃል ሳትቆጣ ጋቢውን አለበሰችው፥ ራቱንም አበላችው።

በማግስቱ አክስታቸው፥ «ዛሬ ከተማዋን አሳያችኋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ የማታውቁትን ሁሉ ጠይቁ» አለች።

ከደጅ እንደ ወጡ መንገድ መሻገርን አስተማረቻቸው። መኪናው እስኪቆም መጠበቅን፥ በነጭ ቀለም በተሠመረው መሻገሪያ ማለፍን፥ ከመሻገርም በፊት ግራና ቀኝ መመልከትን አሳየቻቸው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ባለው ታክሲ ሲሳፈሩም፥ ወያላው የሚጠራውን የሰፈር ስም በጥሞና እንዲሰሙ፥ ሒሳቡን አስቀድመው እንዲጠይቁ፥ ዝርዝር ገንዘብም በእጃቸው እንዲይዙ ነገረቻቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡርም አሳየቻቸው፤ አንዱ መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፥ ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው።

አስቀድመው ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ገቡ። በዚያ ድንቅነሽ የተባለችውን አዩ። አጥንትዋ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለ ስፍራ የተገኘ ነው፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ የተማሩ ሰዎች መርምረው ደርሰውበታል። ታላቁ ልጅ ትናንት ቢሆን ዝም ብሎ ያልፍ ነበር፤ አሁን ግን አስጎብኚውን፥ «ይህ ራሱ አጥንቱ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚውም፥ «መልካም ጠየቅህ፤ ለተመልካች የሚቀመጠው በልኩ የተሠራ ምስል ነው፤ እውነተኛው አጥንት እንዳይጎዳ በጥንቃቄ ይጠበቃል» አለው። ሌሎችም ተመልካቾች ቀርበው አዳመጡ፤ የሳቀበትም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሄደው የሰማዕታቱን ሐውልት አዩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች ብዙ ሺህ የአዲስ አበባን ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ ገደሉ፤ ሐውልቱ የእነርሱ መታሰቢያ ነው። ልጆቹ ይጫወቱ ነበር፤ ታሪኩን በሰሙ ጊዜ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም አሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ መሳቅና መጮኽ አይገባም።

በፒያሳም የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ እንደ ሥርዓቱ ጫማቸውን አወለቁ። በአጠገቡ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ቆሞአል። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. የቆመ ሲሆን ጣልያኖች በወረራው ዘመን ነቅለውት ነበር፤ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ እንደገና በስፍራው ቆመ። ከዚያም ፈቀቅ ብሎ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አዩ። ታላቁ ልጅ ሲዞር የዋለበት መንገድ ይህ እንደ ነበረ ባስተዋለ ጊዜ፥ «ትናንት በዚህ አራት ጊዜ አልፌ አንዱንም አላየሁም» አለ።

ወደ መርካቶም በሄዱ ጊዜ አክስታቸው ቦርሳዋን ወደ ፊት አድርጋ ያዘች፤ እነርሱም እንዲሁ አደረጉ። በዚያ ሰፊ ገበያ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው፤ በርበሬ ተራ፥ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ እየተባለ ይጠራል። የተራውን ስም የሚያውቅ አይጠፋም። ዋጋ ሲጠየቅም ወዲያው አይከፈልም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ በትሕትና መከራከር ልማድ ነው።

በመጨረሻ መነጽር ወደሚሸጥበት ቤት ገቡ። የታናሹ ገንዘብ ብቻውን አልበቃም። አክስታቸው የጎደለውን ጨመረች፤ ታላቁ ግን፥ «እትዬ፥ ይህ ስጦታ አይሁን፤ ብድር ይሁንብኝ» አለ። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ በየበዓላቱ ዕረፍት የሰው ሽንኩርት እያረመና እየተሸከመ፥ ሳንቲም ሳያጎድል ከፈላት።

ልጆቹ በአክስታቸው ቤት የቆዩት አራት ቀን ብቻ ነው። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፥ ሲሰነብት ብር፥ ሲቆይ ብረት» እንዲባል፥ ጊዜያቸውን አወቁ። በነዚያም ቀኖች አልጋቸውን ያነጥፉ፥ ውኃ ይቀዱ፥ ከመውጣታቸው በፊት የሚሄዱበትን ይናገሩ ነበር። ከመመለሳቸውም በፊት በቆሎ ወደሚጠብሱት አሮጊት ሄደው አመሰገኑአቸው።

አያታቸው መነጽሩን በዓይናቸው ባደረጉ ጊዜ አስቀድመው የልጆቹን ፊት አዩ፤ ቀጥለውም መርፌና ክር አስመጥተው ክሩን በአንድ ጊዜ አስገቡ፤ እልልም አሉ። ወዲያውም በታላቁ ልጅ እጅ ላይ የሚያበራ ነገር አይተው፥ «ይህስ ቀለበት ምንድን ነው?» አሉ።

ልጁም፥ «እማማ፥ ይህ የመነጽርዎ እኩሌታ ነው» ብሎ ታሪኩን ሁሉ ነገራቸው። እርሳቸውም፥ «እንግዲያስ አትጣለው፤ በውድ የተገዛ መምህር ነው» አሉት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ከተማን የሚያይ የሚጠይቅ ሰው ነው። አላውቅም ማለት ለጊዜው ፊትን ያቀላል፤ አውቃለሁ ብሎ መጥፋት ግን ራስንም ሌላውንም ይጎዳል። አባቶች፥ «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ስለዚህ ነው።

ለከተማ እንግዳ የሚሆን ምክር

1. ከመሄድህ በፊት የምታርፍበትን ሰው ስም፥ ሰፈርና ስልክ ጻፍ፤ በቃልህም አጥና።
2. ገንዘብህን በአንድ ቦታ አታድርግ፤ በሰው ፊትም አትቍጠረው።
3. ከቆላ ወደ ደጋ ስትሄድ የሚሞቅ ልብስ፥ በክረምትም ጃንጥላ ያዝ።
4. እንገናኝ ከተባለበት ስፍራ አትራቅ።
5. መንገድ ስትጠይቅ ፖሊስን፥ ባለሱቅን፥ ወይም በሥራው ላይ ያለውን ሰው ጠይቅ፤ ሳትጠራው መጥቶ ትርፍ የሚያሳይህን ግን ተጠንቀቅ።
6. ወድቆ ያገኘኸው ነገር ያንተ አይደለም፤ ለፖሊስ አስረክብ።
7. የሰውን ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊት አስፈቅድ፤ በሙዚየም ዕቃ አትንካ።
8. ብትሳሳት ፈጥነህ እውነቱን ተናገር፤ የተሸሸገ ጥፋት እያደር ይከፋልና።

ጥያቄ

1. አባት ገንዘቡን ከሁለት የከፈለው ስለ ምንድን ነው?
2. ታላቁ ልጅ ገንዘቡን ያጣው በሌባ ብልሃት ብቻ ነውን? የራሱስ ጥፋት ምን ነበር?
3. ታናሹ በመናኸሪያ ብቻውን በቀረ ጊዜ ምን አደረገ?
4. አያታቸው ቀለበቱን መምህር ያሉት ለምንድን ነው?